የኤፕኮት የምግብና የወይን ፌስቲቫል፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ኦርላንዶ ከገባሁ ወዲህ ከዲሲም ይምጣ ከዳላስ፣ ዘመድ ሁሉ ትኬት ሳይቆርጥ በፊት የሚደውለው ለእኔ ነው። "ዲዝኒ ውስጥ ያለው የምግብ ፌስቲቫል እንዴት ነው? መቼ እንምጣ?" ስልኩ ቢሰለቸኝ "ጥያቄያችሁን ጻፉልኝና አንድ ላይ እመልሳለሁ" አልኩ። ጉድ ነው፣ ጎረፈ። የተደጋገሙትን አንድ አድርጌ እነሆ።

ፌስቲቫሉ መቼ ነው? ለብቻው ትኬት አለው?

የለውም። ኤፕኮት እዚህ ኦርላንዶ ካሉት የዲዝኒ ፓርኮች አንዱ ነው፤ የፓርኩ መግቢያ ትኬት ካላችሁ ፌስቲቫሉ ውስጥ ናችሁ ማለት ነው። የምትከፍሉት ለምትበሉትና ለምትጠጡት ነው። ብዙውን ጊዜ ኦገስት መጨረሻ ይጀምርና ኖቬምበር ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ያበቃል። በ2025 ለምሳሌ ከኦገስት 28 እስከ ኖቬምበር 22 ነበር። የትኬቱ ዋጋ እንደቀኑ ይለያያል፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል። ድሮ ከትኬቱ ሌላ የፓርክ ቦታ ማስያዝ ነበረ። ቀን ተቆርጦለት ለተገዛ ትኬት ይሄ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ቀርቷል።

የትኛውን ቀን ልምረጥ? እረፍቴ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ዋናው ያንተ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ምግብ ዝርዝሩ ይጨነቃል። እኔ ግን የምጨነቀው ስለ ቀኑ ነው። ያው ምግብ ማክሰኞ በአምስት ደቂቃ ይደርስሃል፣ ቅዳሜ ማታ ግማሽ ሰዓት ያስቆምሃል።

ምክንያቱ እኛው ነን። የዓመት ማለፊያ ያለው የአካባቢው ሰው ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ፓርኩን መጠጥ ቤት ያደርገዋል። እስከ እሁድ ማታ እንደዚያው ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ግን መንገዱ ሰፊ ነው። በኦክቶበር ኮለምበስ ዴይ የሚባለው በዓል ያለበትን ሳምንት ሽሹ። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ደግሞ የኒው ጀርዚ ትምህርት ቤቶች ለመምህራን ጉባኤ ስለሚዘጉ ያ ሁሉ ቤተሰብ ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳል፤ እዚህ "ጀርዚ ዊክ" ነው የሚሉት። ቀጥሎ ኖቬምበር 11 ቬተራንስ ዴይ የሚባለው በዓል አለ።

የአየሩ ነገርም አለ። ሴፕቴምበር ውስጥ ሰው ይቀንሳል፣ ግን ሙቀቱ 32 እና 33 ዲግሪ ነው፤ እርጥበቱ ሲጨመርበት ሸሚዝ ገላ ላይ ይጣበቃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ የተለመደ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅትም እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል። እኔን ካላችሁኝ፣ ሙቀት ለሚችል ሴፕቴምበር አጋማሽ፣ ለማይችል ከቬተራንስ ዴይ በኋላ ያሉት ቀናት።

ቅዳሜ ብቻ ከሆነ እረፍትህ፣ ምግቡን የሚሸጡት ትንንሽ ኪዮስኮች በአብዛኛው የሚከፈቱት ረፋድ 11 ላይ ነው (በፈረንጅ ሰዓት)። የዚያን ሰዓት ተገኝተህ እስከ ከሰዓት በኋላ 2 ብላ። ከዚያ ሲጨናነቅ ወጥተህ ሂድ። ማታ እመለሳለሁ እንዳትል።

አንድ ቀን ይበቃል?

እግር ይበቃዋል፣ ሆድ አይበቃውም። ፌስቲቫሉ በዋናነት የሚካሄደው "ወርልድ ሾውኬዝ" በሚባለው ክፍል ነው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ የ11 አገር መንደሮች ተደርድረዋል፦ ሜክሲኮ፣ ኖርዌይ፣ ቻይና፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ሞሮኮ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ። ዙሩ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኪዮስኮቹ ከ30 በላይ ሆነዋል። ሳህኑ ትንሽ ነው፣ ሦስት አራት ጉርሻ ቢወጣው ነው። ቢሆንም ሁለት ሰው ተካፍሎ እንኳን ስድስት ሰባት ላይ ሲደርስ ይጠግባል።

ስለዚህ አቅም ካላችሁ አንዱን ሙሉ ቀን ትታችሁ ሁለት ግማሽ ቀን አድርጉት። አንድ ቀን ከካናዳ እስከ ጃፓን፣ በሌላው ከሜክሲኮ እስከ አሜሪካ። በሁለቱም ቀን ረሃብ ይዛችሁ ግቡ፤ ሆቴል ቁርስ በልቶ መምጣት ያስቆጫል።

አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፦ ኤፕኮት ሁለት በር አለው። ዋናው በር ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሁለተኛው "ኢንተርናሽናል ጌትዌይ" ይባላል፤ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መንደሮች መካከል ያስገባል። ጠዋት ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ያሉት መጫወቻዎች ጋ ሲጋፋ እናንተ በዚህ ገብታችሁ ኪዮስክ ደጃፍ ላይ ናችሁ።

ስንት ብር ልያዝ?

ብር ሳይሆን ዶላር በይው እህቴ! አብዛኛው ሳህን ከ5 እስከ 10 ዶላር ነው። መጠጡም እዚያው ገደማ፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ። ሁለት ሆናችሁ ስድስት ሳህን ብትካፈሉና አንድ አንድ ብትጠጡ ከነታክሱ ወደ 70 ዶላር አስቢ። ፓርኪንግ ለብቻው 30 ዶላር ገደማ ነው፤ ዲዝኒ ሆቴል ያረፈ አይከፍልም።

የሚያስቸግረው ገንዘቡ ሳይታወቅ መውጣቱ ነው። ስምንት ዶላር ምንም አይመስልም፣ አሥር ጊዜ ሲደጋገም ነው ጉዱ። የፌስቲቫሉ ትንሽ የስጦታ ካርድ አለ፣ እጅ ላይ የሚንጠለጠል። ለዕለቱ የወሰንሽውን ሙይበትና በሱ ብቻ ክፈይ። ሲያልቅ አለቀ። ከባለቤቴ ጋር ያስታረቀኝ ይህ ካርድ ነው።

ምግብም ይዞ መግባት ይፈቀዳል። አልኮልና የጠርሙስ ዕቃ ግን አይገባም። ለስላሳ ከሚቀዳበት ፈጣን ምግብ ቤት ደግሞ በረዶ ያለው ውሃ በነፃ ይሰጣል። የታሸገ ውሃ አትግዙ።

የግድ መብላት ያለብኝ ምንድነው?

ዝርዝሩ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ፌስቲቫሉ ከመጀመሩ ሳምንታት ቀደም ብሎ ይወጣል። በየዓመቱ ማለት ይቻላል የሚመለሱ ግን አሉ። የካናዳው የቼዳር አይብ ሾርባ ዋነኛው ነው። በትንሽ ስኒ ይመጣል፣ አጠገቡ ለስላሳ የፕሬትዝል ዳቦ። እሱን እየነከራችሁ ትበላላችሁ። ፈረንሳይ ጋ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለበት ክሩዋሳን አለ፤ ይቀፈኛል የምትሉ አለፍ በሉት፣ እኔ ግን አንዴ ቀምሼ ተረትቻለሁ። መንደር የሌላቸው አገሮችም ኪዮስክ አላቸው፦ የብራዚል አይብ ዳቦ ለልጆች ሸጋ ነው። የአየርላንዱ ትኩስ የቸኮሌት ፑዲንግ ለማሳረጊያ።

የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ተጠንቀቁ። ያ የካናዳ ሾርባ ቤከን አለበት። የሃዋይው ትንሽ ሳንድዊችም አሳማ ነው። ብዙ ሰው ከበላ በኋላ ነው የሚሰማው። ዝርዝሩን አንብቡ፣ ካልገባችሁ ሠራተኞቹን ጠይቁ፤ የየምግቡን ይዘት ያሳዩዋችኋል።

እኔ ጾመኛ ነኝ። ሄጄ ምን እበላለሁ?

አያሳስብዎት እናቴ። የቀን መቁጠሪያውን አስተያይቼው ገርሞኛል። ፍልሰታ ኦገስት 22 ላይ ይፈታል። የነቢያት ጾም ኖቬምበር 24 ይገባል። ፌስቲቫሉ በመሃከላቸው ልክክ ብሎ ተቀምጧል! የሚቀርዎት ረቡዕና ዓርብ ነው። ጽጌን የሚጾሙ ከሆነ ግን ከመስከረም 26 በፊት ይምጡ፣ ወይም ኅዳር 6 ካለፈ በኋላ። በጾም ቀን ቢገጥምዎም፣ ዝርዝሩ ላይ የቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የሌለበት ነው። ብዙ ባይሆንም አይጠፋም።

የእኛ አገር ጣዕም የለም?

የኢትዮጵያ መንደር የለም። ከአፍሪካ የራሷ መንደር ያላት ሞሮኮ ብቻ ናት። በቻይናና በጀርመን መካከል ግን አፍሪካን የሚወክል ትንሽ ቦታ አለ። ከዓመታት በፊት እዚያ የነበረው ኪዮስክ በርበሬ ያለበት የበሬ ሥጋ ይሸጥ ነበር። ሰሌዳው ላይ "በርበሬ" ብለው በስሙ ነው የጻፉት፤ ሳየው ደነገጥኩ። ሮጬ ገዛሁ። ከሥሩ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የደቡብ አፍሪካ ፓፕ፣ የበቆሎ ገንፎ በሉት። ከጎኑ ባሚያ። እንጀራ ፍለጋ ዓይኔ ተንከራተተ። በርበሬውም ለፈረንጅ ተብሎ ለስልሷል። ግን ጨረስኩት።

ልጆች ይሰለቻሉ?

በመብላት ብቻ አዎ። ስለዚህ "የሬሚ" የሚባለውን የፍለጋ ጨዋታ ካርታ ግዙላቸው፤ ትንሿን አይጥ በየመንደሩ እየፈለጉ ተለጣፊ ይለጥፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ሽልማት አለው። የፌስቲቫሉ "ፓስፖርት" ደግሞ ነፃ ነው። መጫወቻዎቹን ጠዋት ጨርሱ። ሆድ ሞልቶ መሽከርከር ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልገኝም።

መታወቂያ ይጠይቃሉ?

ይጠይቃሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ለመጠጥ 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ከኢትዮጵያ ለጉብኝት የመጣ ሰው ፓስፖርቱን ራሱን ይያዝ፣ ስልክ ላይ ባለ ፎቶ አይተማመን። የሚነዳው ሰውም ጠዋት ይወሰን፣ ማታ ስትከራከሩ እንዳትገኙ።

ሙዚቃ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

አለ፣ በትኬቱ ውስጥ ነው። በአሜሪካ መንደር ፊት ለፊት ባለው ቲያትር ማታ ማታ የታወቁ ባንዶች ይጫወታሉ። ቦይዝ ቱ ሜን ለብዙ ዓመታት እየተመላለሱ ዘፍነዋል፤ የእኛ ዕድሜ ሰው ይገባዋል። ለተፈላጊ ዘፋኝ መቀመጫው ቶሎ ይሞላል። መቀመጫ የተረጋገጠበት የእራት ጥቅል አለ፣ ግን ውድ ነው። እኔ ቆሜ ነው የማየው። ሬስቶራንት ውስጥ ተቀምጦ መብላት ለሚፈልግ፣ ቦታ ማስያዝ የሚከፈተው ከ60 ቀን በፊት ነው።

የት እንረፍ?

ገንዘብ ካላችሁ ቦርድዎክ፣ ቢች ክለብ፣ ያት ክለብ። በእግር ሁለተኛው በር ድረስ ትሄዳላችሁ። ከሌላችሁ ፖፕ ሴንቸሪ። ከዚያ "ስካይላይነር" የሚባለው በገመድ የሚሄድ ካቢን እዚያው በር ላይ ያወርዳችኋል፣ በነፃ። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የነበረው ነፃ አውቶቡስ ግን በ2022 ቀርቷል፣ ለትራንስፖርት መድቡ።

እናቴ 70 አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል። ላምጣት?

አምጣት እንጂ! ተሽከርካሪ ወንበር መግቢያው ላይ ይከራያል፤ በሞተር የሚሄደውም አለ፣ እሱ ግን ቶሎ ያልቃል። ሐይቁን የሚያቋርጥ ጀልባም አለ፣ ጀርመንና ሞሮኮ ጋ ይቆማል። ግማሹን ዙር ያስቀርላታል። ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጣትና አንተ ተሰለፍ፣ ምግቡ ወደሷ ይምጣ።

ዝናብ ቢመጣስ? ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው?

ለእኔ ተቃራኒው ነው። የላስቲክ ካፖርት ከመምጣታችሁ በፊት ከዶላር ሱቅ ግዙ፣ ፓርኩ ውስጥ ዋጋው እጥፍ ድርብ ነው። አንድ ሴፕቴምበር ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ወረደው። ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሮጠ። እኛ ጃፓን ሱቅ ውስጥ የሻይ ስኒ እያየን ቆየን። አርባ ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ስንወጣ አስፋልቱ እንፋሎት ያወጣል፣ ካናዳ ጋ ሦስት ሰው ተሰልፏል። ሾርባውን ይዘን እርጥብ አግዳሚ ወንበር ላይ የላስቲክ ካፖርታችንን አንጥፈን ተቀመጥን።