ገንዘቡ ጥሩ ነው፣ ውሉ ግን ገና አልበሰለም

ጥያቄ፦ «በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት የሠራሁ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነኝ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አነስተኛ የግል ክሊኒክ አለን። በአካባቢያችን የካውንቲው ንብረት የሆነና መድን የሌለውን ሰው ሁሉ የሚቀበል ሆስፒታል አለ። የድንገተኛ ክፍሉን የአጥንት ጉዳተኞች እንድናክምለት የውል ረቂቅ ልኮልናል። ለእያንዳንዱ የተረኛነት ቀን ቁርጥ ክፍያ፣ ለምናደርገው ቀዶ ሕክምናም ተጨማሪ ክፍያ አለው። ከሦስታችን አንዱ ገና በሥራ ቪዛ ላይ ነው። ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ የመንግሥት ሆስፒታል ስለሆነም የመንግሥት ከለላ ይጠብቀናል። ረቂቁንና የመድን ፖሊሲያችንን አያይዤአለሁ። እንፈርም?»

መልስ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንድትፈርሙ እፈልጋለሁ። እንዲህ ባለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊት ላይ የሚተኛው ታክሲ ሲነዳ የተገጨ፣ ከግንባታ መሰላል የወደቀ፣ መድን የሚሰጥ ቀጣሪ የሌለው ሰው ነው። ብዙ የአገራችን ልጆችም ከእነሱ መካከል ናቸው። ነገር ግን ረቂቁ አሁን ባለበት ሁኔታ እንዲፈረም አልመክርም። የእኔ ሥጋት ውሉ ካለቀ በኋላ በእናንተ ላይ የሚቀረው ዕዳ ነው።

በሕክምና ስህተት ብትከሰሱ ካሳውን ከሚሸፍንላችሁ መድን ልጀምር። አንቀጹ «ሐኪሞቹ የሙያ ኃላፊነት መድን ይኖራቸዋል» ብሎ ያልፋል። የምን ዓይነት መድን? አንደኛው ዓይነት ሕክምናው የተሰጠው መድኑ በነበረበት ጊዜ ከሆነ፣ ክሱ ከዓመታት በኋላ ቢመጣም ይሸፍናል። ሁለተኛው የሚሸፍነው ክሱ ራሱ መድኑ ሳይቋረጥ ሲቀርብ ብቻ ነው። የላካችሁልኝ የክሊኒካችሁ ፖሊሲ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ውሉ አልቆ መድኑን ስታቋርጡ፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ክስ «የጅራት ሽፋን» የሚባለውን መግዛት ይኖርባችኋል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከዓመቱ አረቦን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። እናንተ ደግሞ የሕፃናትን ስብራት ታክማላችሁ፤ በብዙ ግዛቶች ለልጅ የክስ ጊዜ ገደብ ከአዋቂው ይረዝማል። ይህን ወጪ ማን ይከፍላል የሚለው ዛሬ ካልተጻፈ፣ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ሆስፒታሉ ውሉን ያለ ምክንያት ካቋረጠ ወጪውን እርሱ እንዲሸፍን ጠይቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሆስፒታሎችም ይቀበሉታል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። «የመንግሥት ሆስፒታል ስለሆነ የመንግሥት ከለላ ይጠብቀናል» ብለው ጽፈውልኛል። በብዙ ግዛቶች የካውንቲው ተቀጣሪ በእርግጥ ከለላ ወይም የካሳ ጣሪያ ያገኛል። የእናንተ ረቂቅ ግን «ራሳቸውን የቻሉ ተቋራጮች» ይላችኋል፣ ያ ከለላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቋራጭን አያካትትም። በግዛታችሁ ሕግ ላይ የሚሠራ ጠበቃ ይህን በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።

ክፍያውን በተመለከተ ሦስት ነገር ልበል። የተረኛነት ክፍያ በራሱ ሕጋዊ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ በሠራው ሥራ ልክ መክፈልም ይፈቀዳል። የሚያሠጋኝ በአባሪው የተጨመረው «ከአገልግሎቱ ገቢ የሚታሰብ ማበረታቻ» ነው። ሆስፒታሉ ለተኝቶ ሕክምናና ለቀዶ ሕክምና ክፍል አገልግሎት ሜዲኬርን፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የፌዴራል የጤና መድን፣ ያስከፍላል። ከዚያ ገቢ ለእናንተ ድርሻ ከደረሳችሁ፣ ሐኪም ሕመምተኛ ከሚልክበት ተቋም ጋር የሚኖረውን የገንዘብ ግንኙነት የሚገድበው፣ ስታርክ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ይነካችኋል። ሕጉ ክፍያው በጽሑፍ የሰፈረ፣ አስቀድሞ የተወሰነ፣ ከገበያው ትክክለኛ ዋጋ ያልበለጠ እንዲሆንና ወደ ሆስፒታሉ በምትልኩት ሕመምተኛ ብዛት እንዳይሰላ ይጠይቃል። ሆን ብለን አላደረግነውም ብሎ ማምለጥም አይቻልም። ስለዚህ ያ አባሪ ይውጣ። ውሉን በዘጠና ቀን ማስታወቂያ ማቋረጥ ይቻላል የሚለው አንቀጽ ችግር የለበትም፤ በመጀመሪያው ዓመት ከተቋረጠ ግን ዓመቱ ሳይሞላ በሌላ ዋጋ ተመሳሳይ ውል መፈረም እንደማይቻል እወቁ።

ተረኛነት ደግሞ ከክፍያ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውና በአጭሩ ኤምታላ የሚባለው ሕግ ሆስፒታሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቅ መርምሮ እንዲያረጋጋ ያስገድዳል። ተጠርቶ ያልመጣ ተረኛ ሐኪምም በግሉ ሊቀጣ ይችላል፣ ከሜዲኬር እስከ መታገድም ሊደርስ ይችላል። ረቂቁ «በተመጣጣኝ ጊዜ ይደርሳሉ» ይላል። ስንት ደቂቃ? ቁጥሩ ይጻፍ። በዚያው ሌሊት በሌላ ሆስፒታልም ተረኛ ከሆናችሁ፣ ሁለቱም ሆስፒታሎች እንዲያውቁትና ምትክ የሚጠራበት ሥርዓት እንዲኖር ያስፈልጋል። አንድ ሰው በሁለት ቀዶ ሕክምና ክፍል መቆም አይችልም፤ ሲከሰት የሚጎዳው ጠረጴዛው ላይ ያለው ሕመምተኛ ነው።

አሁን ብዙ ሐኪሞች ሳያነቡት የሚያልፉት አንቀጽ ላይ ደርሻለሁ። በገጽ አሥራ አንድ ላይ «ውሉ ሲያበቃ በሆስፒታሉ የማከም ፈቃዳቸው ያለ ይግባኝ አብሮ ያበቃል» ይላል። በሆስፒታሉ የሐኪሞች መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ፈቃዱን ለመንጠቅ የአቤቱታ ሥርዓት መኖር ነበረበት። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ያንን መብት ይወስዳል። ነገ ስለ ንጽህና ጉድለት ወይም ስለ ነርስ እጥረት የሚናገር ሐኪም በዘጠና ቀን ማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ቢያንስ ለሙያዊ ጥራት ጉዳዮች የአቤቱታ መብታችሁ እንዲጠበቅ አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፦ ምርመራ ላይ ያለ ሐኪም «ከመዋረድ ልልቀቅ» ብሎ ቢለቅ፣ መልቀቁ ራሱ ወደ ብሔራዊው የሐኪሞች መረጃ መዝገብ ይላካል። ማንም ቀጣሪ ሆስፒታል ደግሞ ያንን መዝገብ ያያል። ምርመራ አለ ሲባል መልቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ ደውላችሁ አነጋግሩ።

በሥራ ቪዛ ላይ ያለውን ባልደረባችሁን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ አለኝ፦ በዚህ ውል ላይ በግሉ እንዳይፈርም፣ ሆስፒታሉም ለእርሱ በቀጥታ አንድ ዶላር እንዳይከፍለው። በአሜሪካ የሠለጠነ የውጭ ሐኪም ወደ አገሩ የመመለስ ግዴታው ተነስቶለት ሐኪም በሚያንስበት አካባቢ እንዲሠራ በሚፈቅደው በኮንራድ ፕሮግራም በኩል ሥራ ከጀመረ፣ ለሦስት ዓመት በሙሉ ጊዜ የክሊኒካችሁ ተቀጣሪ ሆኖ መቆየት አለበት። ተቋራጭ ሆኖ የሚቀበለው ገንዘብ ያልተፈቀደ ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ሆስፒታሉ ለክሊኒኩ ይክፈል፣ ክሊኒኩ ለእርሱ ደመወዙን ይክፈል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የመጀመሪያውን ተረኛነት ከመጀመሩ በፊትም አዲሱ የሥራ ቦታ በኢሚግሬሽን ጠበቃው በኩል በቪዛ ፋይሉ ይግባ።

የሐኪሞቹን መተዳደሪያ ደንብና የመድን ፖሊሲያችሁን ሙሉ ቅጂ ይዛችሁ ወደ ድርድሩ ግቡ። የሆስፒታሉ ጠበቃ «ይህ መደበኛ ውላችን ነው» ካለ፣ ገጽ አሥራ አንድን አውጥታችሁ ከጅራት ሽፋኑ ጋር አንድ ላይ ጠይቁት።