«600 ዋት» የሚለውን ትልቁን ጽሑፍ እርሱት

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከግማሽ በላይ ስለ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ከሶኬቱ የመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ እንዲስማማ አድርጎ ስለሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ናቸው። አይገርመኝም። ክረምት ነው፤ መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ በዝቷል። እኔም ይህን የምጽፈው ጠረጴዛዬ ሥር ስምንት የሞቱ ፓወር ሰፕላዮች ተከምረው ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የፎቶኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ አልነሳም ይላል። ገመዱን ነቅዬ ሩብ ሰዓት ካቆየሁት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ደግሞ አንዳንዴ ፕሪንተሩ ማተም ሲጀምር ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ እንደገና ይነሳል። ያየው ልጅ «ማዘርቦርዱ ነው፣ ይቀየር» አለኝ። እውነቱን ነው? — ወ/ሮ ጽ.

መልስ፦ ወ/ሮ ጽ.፣ ማዘርቦርድ፣ ማለትም ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ፣ ለመግዛት አይቸኩሉ።

ከፕሪንተሩ ልጀምር። ሌዘር ይመስለኛል። ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጥ ማሞቂያ አለ፤ ትንሽ ምጣድ በሉት። ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር ከሶኬቱ ብዙ ይስባል። የቤቱ አምፖል በዚያች ቅጽበት ደብዘዝ ሲል አይተው ይሆናል። ፕሪንተሩና ኮምፒውተሩ አንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ ኮምፒውተሩም አብሮ ይራባል። ደህና ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለችውን አፍታ፣ የአንድ ሰከንድ 60ኛ እጅ ያህል፣ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ውስጥ ባጠራቀመው ይሻገራታል። ያረጀው አይችልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ፕሪንተሩን ለብቻው የግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰኩት። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ካለዎት ደግሞ ፕሪንተሩን እዚያ ላይ በፍጹም አይሰኩ። የስንቱን ሰው ዩፒኤስ በዚህ ምክንያት ተቃጥሎ አይቻለሁ።

አሁን ወደ አለመነሳቱ። መብራት ሲመጣ ወዲያው አይረጋም፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ያልተለመደ ነገር ሲሰማው ራሱን ይቆልፋል። ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ድረስ ቁልፉ አይፈታም። ነቅለው ሲያቆዩት የሚነሳልዎ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ይህ በዓመት አንዴ ቢሆን ግድ የለም። መብራት በሄደ ቁጥር ከሆነ ግን ካፓሲተሮቹ እየደከሙ ነው።

ለማረጋገጥ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ይጥሩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱ ግን እንደተሰካ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ከገባው ትልቁ ባለ 24 ቀዳዳ ሶኬት ወይን ጠጁን ገመድ ይለካ። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም እዚያ ሁልጊዜ 5 ቮልት መኖር አለበት። ከ4.75 ከወረደ ማዘርቦርዱን ይተዉት፤ በደለኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ወይን ጠጁ ደህና ከሆነ ትልቁን ሶኬትና ሌሎቹንም ገመዶች ከኮምፒውተሩ ይንቀሉና አረንጓዴውን ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ያገናኙ። ፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ይነሳል። ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ፋኑ ዞረ ማለት ጤነኛ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ የሚቆጠረው ቁጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ደንበኛ «አልነሳም አለ» ብሎ መጣ። ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩለት። አልተነሳም። ለካ የኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ማብሪያ ቁልፍ ተጣብቆ ኖሯል። የቁልፉን ቀጭን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅዬ ሁለቱን ሹል ብረቶች በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ነካ ሳደርጋቸው ተነሳ። ገንዘቡን መለስኩለት፤ እፍረቱ ግን አልተመለሰም። እርስዎ ጋ ነቅለው ሲያቆዩት ስለሚነሳ ቁልፉ አይመስለኝም። ለሌሎቻችሁ ግን ይህቺን አስቀድሙ፤ ነጻ ናት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐዋሳ ነኝ። 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከነኬዙ ገዛሁ። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድም ጨመርኩበት። ፊልም ሳይበት ምንም አይልም። ጌም ከፍቼ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ጭጭ ብሎ ይጠፋል። ካርዱን ልመልስ ስል ሻጩ አልቀበልም አለኝ። ምን ላድርግ? — ቢ.

መልስ፦ ሻጩ ልክ ነው፣ ቢ.። ካርዱን ተወው።

የላክልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። 600 የሚለው ጽሑፍ የታክሲ ታፔላ ያህላል። አንተ ግን ከሥሩ ያለችውን ትንሿን ሠንጠረዥ እያት። 12 ቮልት ከሚለው ሥር 17 አምፔር ይላል። አባዛው፦ 204 ዋት። የገዛኸው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም የዛሬ ፕሮሰሰርም ግራፊክስ ካርድም የሚበሉት ከ12ቱ መስመር ነው። ካርድህ ብቻውን 125 ዋት ይፈልጋል። ፕሮሰሰርህ 65 ቢወስድ 190 ገባን። ሃርድ ዲስኩ፣ ፋኑ፣ ማዘርቦርዱ ሲጨመሩ አለቀ። ፊልም ስታይ ካርዱ ተኝቷል፤ ለዚህ ነው የማይጠፋብህ።

ታዲያ 600ው ከየት መጣ? 5 ቮልቱና 3.3 ቮልቱ ላይ ኮምፒውተርህ የማይነካውን ትልልቅ አምፔር ይጽፉና ይደምሩታል። ያም ካልሞላ ከራሳቸው ይጨምራሉ። ሐቀኛ 450 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ 12ቱ ላይ 37 አምፔር አካባቢ ይጽፋል። ሲባዛ 444 ይመጣል፤ ከፊት ካለው ቁጥር ጋር ይገናኛል። ሱቅ ስትገባ ይህቺን ስሌት በስልክህ ሥራት። ሻጩ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ያጨማድድ።

ሁለተኛው ምርመራ እጅህ ነው። አንሳው። ከኬዝ ጋር በነጻ የሚመጣው እንደ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ይቀልላል። ደህናው ይከብዳል፤ ጥቅልሉ መዳብና ሙቀት የሚያወጣው አሉሚኒየም ክብደት አላቸው። ክብደት ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ቀላል ሆኖ ጠንካራ ግን እኔ ብዙ አላጋጠመኝም።

«80 ፕላስ ብሮንዝ» የሚለው ምልክት ከሶኬቱ ከሚስበው ምን ያህሉን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ነው የሚናገረው፤ በግማሽ ጭነት 85 በመቶ ያህል። ስለ ዕድሜው አይናገርም። እንደዚያም ሆኖ ከምንም ይሻላል፤ ለአንተ ሐቀኛ 450 ወይም 500 ብሮንዝ ከበቂ በላይ ነው። ከብሮንዝ ከፍ ያለው የወርቅ ደረጃ አያስፈልግህም፤ በተረፈው ብር ራም ጨምር።

ደግሞ አንድ ነገር ፎቶው ላይ አየሁ። ካርዱን ያገናኘኸው ከድሮው ባለ አራት ቀዳዳ የሃርድ ዲስክ ገመድ በመቀየሪያ ነው። ፓወር ሰፕላይህ የራሱ የግራፊክስ ገመድ ስለሌለው ነው። ያም ራሱ ምልክት ነው፤ የካርድ ገመድ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ካርድ እንዲሸከም አልተሠራም። ዛሬ ማታ ያንን ሶኬት በጣትህ ዳስሰው። ከሞቀ ወይም ነጩ ፕላስቲክ ቡኒ ካለ አዲሱን እስክትገዛ ጌሙን አቁም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ለገና ስመጣ ለአባቴ የምጠቀምበትን ዴስክቶፕ ልተውለት አስቤያለሁ። እዚህ 120 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ልግዛ እንዴ? — ኤ.

መልስ፦ ከመግዛትህ በፊት ኮምፒውተሩን አዙረውና ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። 100-240 ካለ በራሱ ይለምዳል፤ ምንም አያስፈልግህም። የአሜሪካውን ጠፍጣፋ ጥርስ ገመድ እዚያው ተውና እዚህ ክብ ጥርስ ያለውን ግዛ፤ የኮምፒውተሩ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ሞኒተሩንም እንዲሁ አንብብ።

ቀይ ትንሽ ማብሪያ ካለው ግን ከመሰካትህ በፊት ወደ 230 ግፋት። በ1998 ዓ.ም. ተለማማጅ ነበርኩ። አንድ ሰው ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒውተር አመጣ። ቀይዋ 115 ላይ ነበረች። እኔ መች አየሁ! ሰካሁት። ጧ! ጭስ፣ የተቃጠለ ዓሣ ዓይነት ሽታ። የግቢው መብራት በሙሉ ወደቀ። ጎረቤታችን ፀጉር ቤት ነበር፤ ራሱ ግማሽ የተላጨ ሰውዬ ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ወጥቶ በራችን ላይ ቆመ። አለቃዬ ምንም አላለኝም። በወሩ መጨረሻ ዋጋውን ከደሞዜ ቀነሰው።

115 ብቻ ብሎ ማብሪያም ከሌለው ትራንስፎርመሩን ተወው። ያ ብረት ከባድ ነው፣ ሻንጣህን ይበላብሃል። እዚህ ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ይቀላል።

ጥያቄ፦ የሞተ ፓወር ሰፕላይ ከፍቼ ፊውዙን ብቀይረው ይሠራል? — የቴክኒክ ተማሪ፣ ጅማ

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ፊውዙ የሚቃጠለው ውስጥ ሌላ ነገር ስለተበላሸ ነው፤ አዲሱም ወዲያው ይከተላል። ደግሞ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ከተነቀለ በኋላም ይቆያሉ። ለመማር ከሆነ መምህርህ አጠገብህ ይሁን፣ ካፓሲተሩ ባዶ መሆኑን በቴስተር ሳታይ ጣትህን አታስገባ። እኔ ጋ ካሉት ስምንቱ ሁለቱን ልልክልህ እችላለሁ፤ ለመፍታት እንጂ ለመጠገን አይደሉም።