ልብ ወለዱን አይቀሟት

ከደሴ የጻፉልን የእህል ነጋዴ፣ የ12 ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ተውሳ ባመጣችው ልብ ወለድ ተበላሽታብኛለች ይላሉ። መጽሐፉ አንድ ልጅ እያደገ ሲሄድ የሚያከብራቸውን ሰዎች ገመና የሚያውቅበት ታሪክ ነው። «ካነበበችው ወዲህ ንቃኛለች፤ አታዋራኝም፤ እናቷ ቡና ስታፈላ እንኳ አብራን አትቀመጥም። መጽሐፉን ልቀማት?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ መጽሐፉ አንድ ገጽ ተኩል ጽፈዋል፤ ስለ ሚዛኑ ሁለት መስመር። ከኩታበር የመጡ ገበሬ ስንዴ 92 ኪሎ ተብሎ ተገዛ፤ ማታ ልጅዎ ስትመዘግብ 97 ሆኖ ተገኘ፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አሏት። ከዚያ ወዲያው ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። ሚዛኑ ተሳስቶ ነው አላሉኝም። ይህን አለማለትዎን በበጎ ነው ያየሁት።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ለልጆች ሁለት ታሪክ ይነግራቸው ነበር። አንዱ ልጅ ሳያውቅ በር ሲከፍት 15 ስኒ ይሰብራል፤ ሌላው ማርማላታ ሰርቆ ሊበላ ሲንጠራራ 1 ስኒ። የማን ጥፋት ይብሳል? ትንንሾቹ በአብዛኛው 15 የሰበረውን ይጠቁማሉ። ከፍ ያሉት ስኒ መቁጠሩን ትተው የልጁን ሐሳብ ይጠይቃሉ። ልጅዎ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሳለች። ከ5ቱ ኪሎ ይልቅ ያስደነገጣት፣ እያወቁ ማድረግዎ ይመስለኛል።

የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። የልጅ የዋህነት የሚጠፋው ክፉ ነገር ባየ ጊዜ ይመስለናል። እኔ ከማገኛቸው ልጆች የተረዳሁት፣ ያዩትን ከሞላ ጎደል ይችሉታል፤ አብረው እንዲደብቁት ሲጠየቁ ነው የሚጎብጡት። እስከዚያች ማታ ልጅዎ ያየችውን ያየች ልጅ ብቻ ነበረች። «እንዳትነግሪ» ሲሏት ከጥፋቱ ድርሻ ሰጧት። እናቷ ፊት ተቀምጣ ቡና እስኪወርድ ድረስ ያንን ምስጢር ይዛ መቆየት እንዴት ትችላለች? እርስዎ ንቀት ያሉት እኔ ሸክም ይመስለኛል። መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ እንደ እርሷ የተጨነቀ ልጅ አገኘች። እርሱንም ሊቀሟት ነው?

ምን ያድርጉ? ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ይከብዳል። ነገር ግን የወሎ ሰው ነዎት፤ በአገሩ የዕርቅ ሽማግሌ፣ በአበጋር ፊት የቀረበ በዳይ ጥፋቱን ሳያምን ዕርቅ እንደማይወርድ እኔ አልነግርዎትም። «አውቄ ነው ያደረግኩት፤ አንቺን ዝም በዪ ማለቴም ጥፋት ነው» ቢሏት ይበቃ ይሆናል። የኑሮ ውድነቱን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ለእናቷም እርስዎ ራስዎ ይንገሯት፤ ገበሬውንም ካገኟቸው የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ልጅቷ በአንድ ቀን ትለሰልሳለች ብለው አይጠብቁ። እንቅልፍ ወይም ምግብ ከከለከላት ግን እዚያው ደሴ ባለሙያ ዘንድ አብረው ይሂዱ።

ግርጌ ላይ «ሰኞ ሰኞ ግን አሁንም ሱቅ ትመጣለች፤ ጥግ ይዛ ታነባለች» ብለዋል። ለማንበብ ከእህል ሱቅ የተሻለ ቦታ አይጠፋም። ከያዘችው ጥግ ሚዛኑ ይታይ እንደሆነ እስቲ ተቀምጠው ይዩት።