«ለውሻ ይለቀሳል?» አሉኝ

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ ነው የምኖረው። ውሻዬ ቡቺ በ13 ዓመቱ ሞተብኝ። ማታ ስገባ የቆርቆሮውን በር ሲቧጭር አሁንም የሚሰማኝ ይመስለኛል። ጎረቤቶቼ ሳለቅስ አይተው ሳቁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። 13 ዓመት በር ላይ የተቀበለሽን እንዴት አታለቅሺለትም! ሰው ሲሞት ቅሬው ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ደራሹ ቤት ይሞላል፤ ለቡቺ ግን «ያጽናሽ» ያለሽ የለም፣ የከበደሽም ለዚህ ይመስለኛል። እሱን የምታውቅ ጓደኛሽን ጥሪና ቡና አፍልተሽ ስለሱ አውሩ። ሳህኑን ዛሬውኑ ካላነሳሁ አትበይ። «ቀድሜ ባሳክመው ኖሮ» እያልሽም ራስሽን አትቅጪ፣ ለውሻ 13 ዓመት እርጅና ነው። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካለሽ ግን ሐኪም አማክሪ፣ ምክንያቱን ስትነግሪውም አትፈሪ።