ጎጃም ውስጥ ትንሽ የጎልፍ ሜዳ ለመሥራት ለምታስቡ ወገኖቼ፦ ዶዘር ከመጥራታችሁ በፊት

በውጭ አገር በጎልፍ ሜዳ ግንባታና ጥገና ሥራ ላይ ብዙ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ጎጃም በተመለስሁ ቁጥር፣ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው በባሕር ዳር፣ በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ዙሪያ ሎጅና አነስተኛ የጎልፍ ሜዳ ለመሥራት ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖች ያማክሩኛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አየሩም መሬቱም ይመቻል። የሚያስቆጣኝ ግን አብዛኞቻችሁ ከምትኖሩበት አገር የተሣለ ንድፍ ይዛችሁ መጥታችሁ መሬቱ ንድፉን እንዲመስል ማስገደዳችሁ ነው። ጉብታው ይናዳል፣ ምንጩ ይደፈናል፣ ዛፉ ይገነደሳል፤ ከዚያም ሌላ ጉብታ ለመከመር፣ ሌላ ኩሬ ለመቆፈርና ሌላ ችግኝ ለመትከል እንደገና ገንዘብ ይፈስሳል።

1. ስለ ወረቀቱ

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን ያዙ፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በሊዝ ወይም በኪራይ እንጂ በግዢ እንደማታገኙት እወቁ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውንም ለይስሙላ ሳይሆን ከልብ አሠሩት።

2. ስለ ስፋቱ

በጎልፍ አንድ «ጉድጓድ» ሲባል ከኳሱ መነሻ አንሥቶ ኳሱ እስከሚገባበት ቀዳዳ ድረስ ያለው መጫወቻ ሁሉ ነው። 18 ጉድጓድ ያለው ሙሉ ሜዳ 50 ሄክታርና ከዚያም በላይ መሬት ስለሚፈልግ አትመኙት። እያንዳንዳቸው ከ80 እስከ 170 ሜትር ርዝመት ያላቸው 9 ጉድጓዶች ለሎጅ እንግዳ በቂ ናቸው፤ በ10 ሄክታር አካባቢም ሊሠሩ ይችላሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሚገኙና አየሩ ስለሚሳሳ፣ ኳሱ ከቆላው ይልቅ ርቆ እንደሚሄድ በንድፉ ውስጥ አስቡበት።

የጎልፍ ሁሉ አባት ተደርጎ የሚታየው፣ በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ የሚገኘው አሮጌ ሜዳ፣ በአንድ ንድፍ አውጪ እጅ አልተጀመረም። ነፋስ፣ በግና ጥንቸል የቀረጹት የባሕር ዳርቻ የግጦሽ መሬት ነበር፤ 18 ጉድጓድ የሚለው ልማድም እዚያው እ.ኤ.አ. በ1764 ከ22 ላይ ተቀንሶ የመጣ ነው። ስዊልካን የሚባለው ትንሽ ጅረት ዛሬም በመጀመሪያው ጉድጓድ ፊት ለፊት ይወርዳል፤ ለከብት መሻገሪያ የተሠራው የድንጋይ ድልድይም አልፈረሰም። የዓለም ተጫዋች ያን ጅረትና ያን ድልድይ ለማየት ባሕር አቋርጦ ሲሄድ፣ እናንተ በእጃችሁ ያለውን ጅረት በቱቦ ትቀብራላችሁ።

3. ስለ ውሃው

የጎጃም ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። እናንተ ግን መሬቱን የምታዩት ለገና ወይም ለጥምቀት ስትመጡ፣ ሁሉም ነገር ደርቆ ጠንካራ በሚመስልበት ወቅት ነው። በጥር ታይቶ በጥር የተነደፈ ሜዳ በሐምሌ ይሰምጣል። መሬታችሁን በነሐሴ፣ ቦት ጫማ አጥልቃችሁ፣ እዚያው ሲያርስ የኖረውን ሰው አስቀድማችሁ ከዳር እስከ ዳር እርገጡት። በተለይ አርሶ አደሩ በማሳው ላይ በማረሻ ያወጣውን ፈሰስ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የዳገቱን ውሃ አፈሩን ሳይጠርግ አግድም እንዲያወጣ ተብሎ በየዓመቱ እየታየ የሚቀደድ መስመር ነውና፣ ማንኛውም መሐንዲስ በአንድ ሳምንት ጉብኝት የማያገኘውን እውቀት ይነግራችኋል። ሣሩ ተስተካክሎ የሚታጨድበትን ዋናውን የመጫወቻ መስመር፣ ፌርዌይ የሚባለውን፣ ከዋናዎቹ ፈሰሶች ጋር አስማሙት እንጂ አትድፈኗቸው።

አንድ የማውቀው ባለሀብት፣ የቀጠረውን ባለሙያ ምክር ሳይሰማ፣ ከመሬቱ ራስጌ የነበረችን ትንሽ ምንጭ በቀይ አፈርና በድንጋይ አስደፍኖ በላይዋ ላይ ግሪን፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበትን ለስላሳ ሣር፣ አሠራ። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ከታች ባለው ዋልካ አፈር ላይ ተንሸራትቶ ከግሪኑ ግርጌ ብቅ አለ። ሣሩን ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ቡልቅ ብሎ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ፤ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥና በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ተስተካክሎ የነበረው ሜዳ በመጋቢት እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፋፍሎ ነበር። ምንጯን በቦታዋ ትቶ ግሪኑን ጥቂት ሜትሮች ወደ ጎን ቢያዞረው ኖሮ ለበጋው የውሃ ማጠጫም በነጻ ያገኝ ነበር።

ጣና አካባቢ የምትሠሩ ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለባችሁ። በሐይቁ ላይ እምቦጭ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አረሙ ዓሣ አጥማጁንና ከብት አርቢውን ምን ያህል እንዳስጨነቀ ታውቃላችሁ። እምቦጭ የሚወፍረው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ በሚገባ ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው፤ የጎልፍ ሣር ደግሞ ማዳበሪያ ይወዳል። ስለዚህ በጅረቱና በሐይቁ ዳር ያለውን ደንገልና ቄጠማ አትንኩ፤ ከውሃው ጠርዝ ቢያንስ 10 ሜትር፣ ቢቻል ከዚያም በላይ፣ ማዳበሪያም መድኃኒትም የማይረጭበትና የማይታጨድ ሣር ተዉ። ረግረጉን አድርቆ ሜዳ ማስፋት ለአንድ ጉድጓድ ተብሎ የሐይቁን ማጣሪያ መንቀል ነው።

4. ስለ ዛፉ

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ባደግሁበት ቀበሌ፣ ሰው ሁሉ በስሙ የሚያውቀው አንድ ዋንዛ ነበረ። ጥላው ሥር ከብት ይመሰጋል፤ ቅርንጫፉ ላይ የሸንበቆ ቀፎ ይሰቀላል፤ ነጭ አበባው ሲፈነዳ የንቡ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ቦታው ለመዝናኛ ተሰጥቶ ግንባታ ሲጀመር «ሐይቁን ይጋርዳል» ተብሎ ተቆረጠ። እኔ የደረስሁት በማግስቱ ነበር፤ ቀፎው ተፈርክሶ ሰፈፉ በኤክስካቫተር ሰንሰለት ተጨፍልቋል፤ ንቦቹ አሁንም ዛፉ በነበረበት ከፍታ ላይ ባዶ አየር ይዞራሉ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በጉቶው አጠገብ ከውጭ የመጣ ዘንባባ ተተክሎ አየሁ፤ የዚያን ዋንዛ ጥላ ሊሰጥ ቀርቶ ለአንድ ሰው ራስ እንኳ አይበቃም።

ዋንዛ፣ ሾላ፣ ዋርካ፣ ብሳና፣ ወይራ ወይም ዝግባ በመሬታችሁ ላይ ካለ ንድፋችሁ ከእርሱ ይጀምር። በመስመሩ መካከል የቆመ ዛፍ እንቅፋት ሳይሆን የጨዋታው ጥያቄ ነው፤ ተጫዋቹ በግራ ይዙር ወይስ በላዩ ያሳልፍ ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ ሁለት መቶ ሜትር ቀጥ ያለ ባዶ ሣርን ግን ማንም አያስታውሰውም። የመጫወቻው መስመር የሚጠመዘዝበትን ዛፍ ለማብቀል የሰው ዕድሜ ይፈጃል፤ እናንተ ግን የተዘጋጀውን አግኝታችሁታል።

ዛፉን መተው ብቻውን አይበቃም፤ ብዙዎች ሳይቆርጡት ይገድሉታል። የዛፍ ሥር ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ስለሚዘረጋና አብዛኛው ከመሬቱ ገጽ ብዙ ሳይርቅ ስለሚገኝ፣ ማሽን ከጥላው ውስጥ ሲመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቅና ሥሩ አየር ያጣል። ከግንዱ ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር መቆለል እንኳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትልቅ ዛፍ ሊያደርቅ ይችላል። ግንባታው ሳይጀመር ከጥላው ውጭ በአጥር ክለሉት፤ ሲሚንቶም ናፍጣም በውስጡ አይቀመጥ።

ግሪኑን ደግሞ ከዋርካና ከሾላ ሥር አታስገቡት። ፍሬው ይረግፍበታል፤ ሥሩ ውሃውን ይሻማል፤ ከሁሉ በላይ የጠዋት ፀሐይ የሚያጣ ግሪን ጤዛው ስለማይተን በሻጋታ ይጠቃል። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ትልቅ ዛፍ ከግሪኑ በስተምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ከሆነ ችግሩ ይበረታል። መፍትሔው ዛፉን መቁረጥ ሳይሆን ግሪኑን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

ሁሉንም ዛፍ አቅፋችሁ ያዙ አላልሁም። ከምንጭ አጠገብ ያለ ባሕር ዛፍ ውሃውን ስለሚመጥጥ ቢነሣ አልቃወምም፤ በአዊ ለከሰል የሚተከለውም ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ የሚቆረጥ ሰብል ስለሆነ ለመስመር መክፈቻ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ደንና የጠበል ቦታ ግን በስሕተት እንኳ በንድፋችሁ ውስጥ አይግቡ፤ አጥራችሁን ከእነርሱ አርቁ።

5. ስለ ሣሩ

ከውጭ ዘር በዶላር የምታስመጡ ሰዎች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ደርሶባችኋል። በየደጃችን የሚበቅለው ሰርዶ በሞቃት አገሮች ያሉ የጎልፍ ሜዳዎች የሚጠቀሙበት ሣር ዝርያ ነው። ከዚያው መሬት ነቅላችሁ፣ ቆራርጣችሁ በሰኔ ብትተክሉት ክረምቱ ያለብሰዋል። በበጋ ውሃ የምታጠጡት ግሪኑንና የኳሱን መነሻ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ሰርዶ ቢጠወልግም ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ከላይ ያለውን ለም አፈር ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ገፍፋችሁ ለብቻ ከምሩት፤ ያለ እርሱ ሣሩ በደንብ አይያዝላችሁም።

6. ስለ መንገዱና ስለ ውሉ

ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወንዝና ወደ ገበያ የሚሄድበትን የእግር መንገድ አትዝጉ፤ ወጣቶች በገና ሰሞን ሩር የሚመቱበት ሜዳ ካለም በዚያ ቀን ክፈቱላቸው። የሴንት አንድሩስ አሮጌ ሜዳ እንኳ እሑድ እሑድ ለጨዋታ ተዘግቶ የከተማው ሰው ይንሸራሸርበታል።

ከሥራ ተቋራጩ ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ እያንዳንዱ የሚጠበቅ ዛፍ፣ ምንጭ፣ ፈሰስና ጉብታ በቁጥር ተለይቶ በካርታው ላይ ይስፈር፤ በግንዱም ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ያለ ፈቃድ ለተነካ ለእያንዳንዱ የሚከፈለው መቀጮ በገንዘብ መጠን በውሉ ውስጥ ሳይጻፍ ፊርማችሁን አታኑሩ፤ ማሽኑ በሚገባበት ቀንም ከውጭ በስልክ ሳይሆን በአካል ተገኙ።