ጠዋት የምትለግም መኪናና የጣርማበር ጉም

«ደብረ ብርሃን ላይ ቪትዜ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትላለች፤ ባትሪ ልቀይር?» ላልከው ወንድሜ፣ ቶሎ ብር አታውጣ። ከ2,700 ሜትር በላይ ነህ፤ የኅዳር ውርጭ ደህናውንም ባትሪ ያደክማል። ሞተር ሳታስነሳ በቮልት መለኪያ ለካው፦ 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ባትሪው ደህና ነው፣ ችግሩን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ፈልግ፤ 12.2 ከሆነ ግን የቻርጁ ግማሽ አልቋል። የእኔዋ ባትሪ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሮ ነበር፤ ገመዱን ፈትቼ በሙቅ ውሃ አጥቤ መልሼ ሳስረው በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

መኪናዋ ተነስታ ወደ ደብረ ሲና ከወጣህ ደግሞ፣ መንገድህ ላይ ያለው የጣርማበር ዋሻ ጋ ጉም ከያዘህ ረጅሙን መብራት አታብራ፣ መልሶ ዓይንህን ነው የሚወጋው። አጭሩን አብርተህ ወደ ደብረ ሲና በከባድ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬኑን አታቃጥለው።