ባለቤቴ የሚቆጥበው ለማን ነው?

«ሁለታችንም እንሠራለን። ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። የጡረታ ዕድሜ እስኪደርስ አልጠብቅም፣ 50 ሲሞላኝ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምሠራው ብሎ የቤቱን ወጪ መቁረጥ ከጀመረ ቆይቷል። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ግን ደረሰኝ በደረሰኝ ይጠይቀኛል። አሁን አሁን የገዛሁትን መደበቅ ጀምሬያለሁ።»

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉም ያሳሰበኝ የመጨረሻው ቃልዎ ነው። ዕቃ መደበቅ ከተጀመረ ነገሩ ከገንዘብ አልፎ መተማመን ላይ ደርሷል። ልወቅስዎ አይደለም፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደብቀው የሚናገርበት ቦታ ሲያጣ ነው።

ወጪ መቁረጥ ቀኑን ያቀርበዋል የሚለው የባለቤትዎ ስሌት ልክ ነው። ከገቢው 10 በመቶ የሚቆጥብ ቤተሰብ የአንድ ዓመት ወጪውን ለማጠራቀም 9 ዓመት ይፈጅበታል፤ ግማሹን የሚቆጥብ ግን በአንድ ዓመት ይደርስበታል። ጊዜዬን በእጄ ላድርግ ማለት ደግሞ ስስት አይደለም።

ሆኖም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ማጣት ያንኑ ያህል ከማግኘት ይልቅ አብልጦ ይሰማናል። በእናንተ ቤት እርስዎ የሚያጡት ዛሬ ነው። የሚገኘው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም ለእሱ። በዚያ ትርፍ ቀን ምን እንደሚያደርግበት፣ የእርስዎስ የሥራ ሰዓት ይቀንስ እንደሆነ ከደብዳቤዎ አላገኘሁም። አብረው ያላለሙትን ሕልም ዋጋውን ብቻ መክፈል ማንንም ያስመርራል።

ስለዚህ የደረሰኙን ክርክር ይተዉትና ሁለታችሁም ባልደከማችሁበት ሰዓት «ሥራ ስትቀንስ አንድ ተራ ማክሰኞ ቤታችን ውስጥ ምን ይመስላል?» ብለው ይጠይቁት። የደበቁትንም እሱ ሳያገኘው ራስዎ ይንገሩት። ከባድ ነው፣ ግን ሲደረስበት የበለጠ ይከብዳል።

ከዚያ ለየግላችሁ እኩል የሆነ፣ ማንም የማይጠይቅበት ወርሃዊ ገንዘብ ይመደብ። ትንሽም ቢሆን ግድ የለም፤ ዋናው ደረሰኝ የማይጠየቅበት መሆኑ ነው። የሚቀነሰው ወጪ ደግሞ ከትልልቆቹ ይጀምር፦ ከቤት፣ ከመኪና፣ ከብድር ወለድ። እነዚህ አንዴ ከተወሰኑ በየቀኑ ጠባቂ አይፈልጉም፣ ባልና ሚስትንም አያነታርኩም።

ቀጥሎ ለሦስት ወር ያህል የእሱ ደመወዝ የቀነሰ አስመስላችሁ ኑሩ፤ ልዩነቱ በሁለታችሁ ስም በተለየ ሂሳብ ይግባ። ኑሮው ካላስኬደ ቀኑ ይገፋል እንጂ ትዳሩ አይገፋም።

በራስዎ ደመወዝ ላይ እንኳ እንዳያዝዙ የሚከለክልዎት ከሆነ ግን ነገሩ ቁጠባ መሆኑ ቀርቷል፤ ያን ጊዜ ብቻዎን አይቻሉት፣ የትዳር አማካሪ ዘንድ ይሂዱ።